ሰይጣኑ አፉን ከዘጋ በኋላ

ሥራህ ምንድነው ሲሉኝ የምመልሰው እንደ ሳምንቱ ነው። ያን ሳምንት ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ሰይጣን ነኝ እላችሁ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ሁለት ፖሊስ፣ አንድ በመሞት ላይ ያለ ሽማግሌና አንድ ውሻ ነበርኩ። የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ፊልሙ ላይ ያለ ፍጡር ሁሉ በእኔ በአንዱ ጉሮሮ ነው የሚናገረው። ባልም እኔ ነኝ፣ ሚስትም እኔ ነኝ፣ ሲፋቱ በሁለቱም ወገን ሆኜ የምጮኸው እኔው ነኝ። ውሻውን እንኳ ማንም አላዘዘኝም፤ ሲያሳዝነኝ ጊዜ በራሴ የጨመርኩት ነው።

ስቱዲዮዬ እህል በረንዳ ነው። ስቱዲዮ ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡ፣ ከአንድ የጆንያ መጋዘን በላይ የተሠራች ቆጥ ናት። ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳዋ ላይ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ድምፁ ግን ይገባል። ስንትና ስንት የፍቅር ቃል «ዞር በል! ዞር በል!» በሚል የኩሊ ጩኸት መሀል ቀድቻለሁ መሰላችሁ! ተመልካቹ ለምዶታል። አውሮፓ ውስጥም ጤፍ የሚሸከም ሰው አለ ብሎ ተቀብሏል።

ከምሳ በኋላ ደግሞ የእህል በረንዳ አየር ይለወጣል። ጤፍ ሲገለበጥ የሚነሳው ብናኝ በመስኮቴ ይገባና ፀሐዩ ውስጥ ይንሳፈፋል። በዚያ ብናኝ ውስጥ ወደ ታች ስመለከት አህያውም፣ ጋሪውም፣ ሚዛኑም፣ የሚጨቃጨቀው ነጋዴም ወተት ውስጥ ገብተው ቀስ ብለው የሚዋኙ ይመስሉኛል። ጩኸቱ እንኳ ከሩቅ ይመጣል። በዚያ ሰዓት እኔ ተኝቼም አልተኛሁም፣ ነቅቼም አልነቃሁም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምናገረውን ነገር ማንም ሰው በቁም ነገር ሊይዝብኝ አይገባም። አንድ ሰው ግን ያዘብኝ።

ያ ሰው ጋሽ ሙሄ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከቆጤ ሥር፣ የመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት አልፎታል። ብርሃኑን ከጥላው ይለያሉ እንጂ ሰው ከጆንያ አይለዩም። ለመስፋቱ ዓይን አያስፈልጋቸውም፣ ጣታቸው ቀዳዳውን ፈልጎ ያገኘዋል። የማይሆንላቸው አንድ ነገር በመርፌው ቀዳዳ ሲባጎ ማስገባት ብቻ ነው። እሱን በየጠዋቱ እኔ እሠራላቸዋለሁ። ወደ ቆጤ ከመውጣቴ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የቀኑን መርፌዎች ሁሉ ሲባጎ እያስገባሁ በተርታ ጆንያው ላይ እሰካላቸዋለሁ። እሳቸውም «አብሽር፣ አላህ ዓይንህን አይንሳህ» ብለው ይመርቁኛል።

ጋሽ ሙሄ ታዲያ የፊልም ሰው ናቸው። ዓይናቸው አያይም አላልክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ፊልም የሚከታተሉት በሬዲዮ ነው። ያቺ ፍላሽ የምትጎርስ ትንሽ ሬዲዮ አለች አይደል? እኔ የተረጎምኩትን ሁሉ ፍላሽ ላይ ያስጭኑና ሬዲዮዋን ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው እየሰፉ ያዳምጣሉ። ሥዕል የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። መልኬን አይተው አያውቁም፤ የተዋወቅነው ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ነው። በድምፄ ግን ለክተውኛል። «አንተማ ራስህ ከዚህ በር ጉበን ይደርሳል፤ ትከሻህ ሁለት ኩንታል ይችላል» ይሉኛል። እኔ ጉበኑን ለመንካት በርጩማ ያስፈልገኛል። ከትከሻዬ ላይ የቦርሳ ማንገቻ እንኳ ይንሸራተታል። ግን አላረምኳቸውም። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ግዙፍ ነህ የሚለኝ አንድ ሰው ቢገኝ ለምን ብዬ አስቀይመዋለሁ?

ሰኞ ጠዋት ሲባጎ ሳስገባ ጋሽ ሙሄ ሳቅ ሳቅ እያላቸው ነበር። ልጃቸው ዘይነባ ስንት ወር ተመላልሳ የዓይን ቀዶ ጥገና ወረፋ አግኝታላቸዋለች።

«ሐሙስ ነው» አሉኝ። «ነጭ የለበሱ ሰዎች አስተኝተው ሞራውን ይገፉልኛል አሉ። ሐሙስ ካልተገኘሁ ወረፋው የሌላ ሰው ነው። ዶክተሩም ከዚህ በላይ ከቆየ አይመለስም ብሎኛል። በአላህ ፈቃድ ዓርብ ቁመትህን አየዋለሁ።»

ደስ አለኝ። ስለ ቁመቴ ግን ትንሽ ሐሳብ ገባኝ።

የዚያኑ ቀን ፊልሙ መጣ። ሥራ የሚሰጡኝ እትዬ ብርቄ ሲኒማ ራስ አጠገብ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ነጋዴ ናቸው። ፍላሹን በእጄ እያስጨበጡ «ሰይጣን አምጥቼልሃለሁ። ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ፤ ጉሮሮህን በዝንጅብል አሙቀው» አሉኝ። ፊልሙ ላይ ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰውዬ አለ። ሰይጣኑ ትንቢት ተናግሯል፤ ትንቢቱ ከተፈጸመ ፀሐይ ትጠፋለች፤ ሰውየው ትንቢቱን ማስቆም አለበት። ለማስቆም ሲል ሁለት ሰዓት ሙሉ መስታወት ይሰብራል። እስከ እኩሌታው ድረስ በሚገባ ሠራሁት። እንግሊዝኛውን ግማሹን ከአፋቸው እሰማዋለሁ፣ ግማሹን ከፊታቸው ሁኔታ እገምታለሁ።

ከዚያ ሰይጣኑ ራሱ ወጣና ትንቢቱን መናገር ጀመረ። በምን ቋንቋ እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሥሩ የሚመጣው ጽሑፍ «በጥንታዊ ቋንቋ ይናገራል» ብሎ ዝም አለ። ሰይጣኑ ግን ዝም አላለም። ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ሽሮ በልቻለሁ። ማይኩ ክፍት ነው። ብናኙ ወርቅ መስሎ በመስኮቱ ይገባል። ወደ ታች አየሁ፤ አንዲት ነጭ አህያ በዚያ ብናኝ ውስጥ ቆማለች፣ ጋሽ ሙሄ መርፌ ይዘው አጎንብሰዋል። አፌ እኔን ሳያማክር ተነሳ።

«ነጭ አህያ በደጃፉ ሦስት ጊዜ በተንበረከከች ጊዜ፣ መርፌ የያዘው ሽማግሌ በሐሙስ ቀን ይጠራል። ነጭ የለበሱ ሰዎችም ያስተኙታል። መብራቱ ይጠፋል፤ ዳግመኛም አይበራም።»

ድምፁ ግን እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ከሆዴ ሥር ነው የወጣው። ብንን ስል ሰይጣኑ ጭስ ሆኖ ሄዷል፣ ባለካፖርቱ ወደ መስታወቱ ተመልሷል። እኔም ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ መለስ ብዬ አልሰማሁም፤ የራሴን ድምፅ መስማት ያሳፍረኛል።

ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን ፊልም ፍላሽ ላይ ጭኜ ለጋሽ ሙሄ ሰጠኋቸው። ረፋድ ላይ ከቆጤ ስወርድ የጋሽ ሙሄ ሬዲዮ ዝም ብሏል።  አብሽር የሚል የለም።

«ጋሼ፣ ባትሪው አለቀ እንዴ?»

«አጥፍቼው ነው።»

«ፊልሙ አልጣመዎትም?»

«ሐሙስ አልሄድም።»

«የት?»

«ሐኪም ቤት። ነጯ አህያ ዛሬ ጠዋት እዚህ ደጄ ላይ ስትንበረከክ ሰማኋት። ሁለት ነው የቀራት።»

የምን አህያ፣ የምን መንበርከክ ልል አፌን ስከፍት ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ቀስ ብሎ መጣልኝ።  ሳቅ ለማለት ሞከርኩ።

«እርስዎ ደግሞ! ሸይጧን የተናገረውን ያምናሉ?»

«ሸይጧንንማ ማን ያምነዋል፣ አዑዙ ቢላህ!» አሉ በቁጣ። «ያመንኩት አንተን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዋሽተኸኝ አታውቅም።»

ጨዋ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ እውነቱን ይናገር ነበር። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይሄን ፈጠርኩት ካልኩ፣ ሌላውስ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የዓሣ አጥማጁን ፊልም ሰምተው ሁለት ቀን አልቅሰዋል። ያ ፊልም የኮሪያ ፊልም ነው፤ እኔ ከኮሪያ ቋንቋ አንድ ቃል አላውቅም። ስለዚህ እውነቱን ከመናገር ትንቢቱን ማስቆም ይቀለኛል ብዬ ወሰንኩ። ከባለካፖርቱ የሚለየኝ ካፖርት ስለሌለኝ ብቻ ነው።

ከሰዓት ላይ ዘይነባ መጣች። ምናለሽ ተራ የብረት ምጣድ ትሸጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ከመዶሻ በላይ ስትጮህ ስለምትውል ሹክሹክታዋ ራሱ መንገድ ያሻግራል።

«አባቴን ምን አደረግኸው?»

«እኔ? ሰይጣኑ እኮ ነው…»

«ሰይጣኑ ቆጥ ላይ ነው እንዴ የሚሠራው? ስማኝ፤ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት አባቴ እዚያ ካልተገኘ፣ የአንተን ዓይን አስነቅዬ ነው የማስተክልለት።»

አደርገዋለሁ የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት። ረቡዕ በጠዋት የነጯን አህያ ባለቤት ፈልጌ አገኘሁት። ታደገ ይባላል፤ ጤፍ ያመላልሳል። ዛሬንና ነገን በጎጃም በረንዳ በኩል ዞሮ እንዲሄድልኝ ለመንኩት።

«ወንድሜ፣ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት» አለኝ። «እኔ ተከትያት ነው የምሄደው።»

በዚህ ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ትንቢቱ የሚለው ነጭ አህያ ነው። አህያዋ ነጭ ካልሆነች ትንቢቱ አይመለከታትም! ከሰል ገዛሁ፣ ፈጨሁ፣ በውሃ በጠበጥኩ፣ በቁራጭ ጆንያ እየነከርኩ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ቀባኋት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ታደገ ጣልቃ አልገባም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ለሠርግ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስጨርስ እኔም እሷም የምናስፈራ ሆነናል። በራሴ በጣም ኮራሁ።

አህያዋ ጭነቷን ካራገፈች በኋላ ቀጥ ብላ ወደ ጋሽ ሙሄ ደጃፍ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የደረቀው ከሰል ያሳክካት ጀመር። ተንበረከከችና በአንድ ጎኗ ተንከባለለች። ተነሳች። ለካ በሌላውም ጎኗ ያሳክካታል፤ እንደገና ተንበረከከች። ከማክሰኞው ጋር ሦስት ሞላ። ብናኙ ሲነሳ፣ አህያዋ በዚያ ጭጋግ ውስጥ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ሳያት፣ ይሄ ሕልም ነው፣ አሁን ቆጤ ላይ እነቃለሁ ብዬ ነበር። አልነቃሁም።

«ተንበረከከች አይደል?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ይቺኛዋ ጥቁር ናት ጋሼ! ድፍን ጥቁር!»

እጃቸውን ዘርግተው ጆሮዋን ዳሰሱ። ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ።

«ይቺ የታደገ ነጯ ናት። በኋላ ግራ እግሯ ታነክሳለች፣ ኮቴዋን ከመቶ አህያ መሀል እለየዋለሁ። ከሰል የቀባት ማነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ከሰል ፈጭቼ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ለፍቼ አህያ ያጠቆርኩት ዓይናቸው ለማያይ ሰው ነው። ጠዋቱን ሙሉ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። እስከ ክርኔ ጠቁሬ እፊታቸው ቆሜያለሁ፤ የሚያሳፍረኝን ግማሹን አያዩትም፤ ግማሹን ግን አሽትተውታል። በቃኝ አልኩ።

«ጋሼ፣ ትንቢቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሰይጣኑ ስለ አህያ አልተናገረም።»

«ልታጽናናኝ ነው። ደግ ልጅ ነህ።»

«ወላሂ እውነቴን ነው!»

«አንተ ክርስቲያን ነህ፣ በወላሂ አትማል።»

«እሺ በእመቤቴ!»

«በሷም በውሸት አትማል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ በቀሰስተኛ ድምፅ ጠየቁኝ። «እንዲያው ያ ባለካፖርት መጨረሻው ምን ሆነ? እኔ አህያዋ ላይ ስደርስ ነው ያጠፋሁት።»

በፊልሙ መጨረሻ ባለካፖርቱ የሰይጣኑን አንገት በሰይፍ ይቀላዋል። ይሄ ለጋሽ ሙሄ ምን ያደርግላቸዋል? ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ድምፄም ከየት እንደሆነ እንጃ መጣ።

«ሰውየው ከትንቢቱ አልሸሸም ጋሼ። የተባለው ቀን ሲደርስ በራሱ እግር ሄደ። ብቻውን ግን አልሄደም፤ ወዳጁ ከጎኑ ነበር። ወዳጁ የሚያየውን ሁሉ እየነገረው አብሮት ሄደ። ትንቢቱ ሰውን የሚይዘው ብቻውን ሲያገኘው ነው።»

ያ ወዳጅ ፊልሙ ገና ሲጀምር ከጣሪያ ወድቆ ሞቷል። ከሞት አስነሳሁት። ጋሽ ሙሄ ብዙ ሰፉ፣ አንድ ጆንያ ጨረሱ።

«እንግዲያው አብረን እንሄዳለን» አሉ በመጨረሻ። «እዚያም ሆነህ ትተረጉምልኛለህ።»

«ምኑን?»

«የሚሠሩትን ነዋ!»

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ሦስታችንም እዚያው ነበርን። ነርሷ እኔ ቀዶ ጥገና ክፍል እንደማልገባ ነገረችኝ። ጋሽ ሙሄ ደግሞ የሚደነዝዘው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም፣ የሱ ድምፅ ከሌለ አልተኛም አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ዶክተሩ በሩ ትንሽ ገርበብ እንዲል ፈቀዱ። እኔ ከበሩ ውጭ፣ እሳቸው ከውስጥ። ከነጭ መጋረጃ በስተቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም እንደሳቸው በጆሮዬ ብቻ ቀረሁ።

«አሁን ባለካፖርቱ ወደ ዋሻው ገብቷል» ብዬ ጀመርኩ። «ነጭ የለበሱት ከበውታል። መልካም ሰዎች ናቸው። ሰይጣኑ ግን ከጥግ ቆሞ፣ ምን ልታደርግ መጣህ? ይላል።» የሰይጣኑን ድምፅ ስለቀው ኮሪደሩ አስተጋባ። ከኋላዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች በተርታ ተቀምጠዋል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው» አሉኝ። ሌላው «ወዳጁስ? አለ አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ቀስ ልትለኝ የመጣችው ነርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ከውስጥ የዶክተሩ ድምፅ «እባክህ ሰይጣኑን ተወው፣ ልታስቀኝ ነው» ሲል ሰማሁ። ደነገጥኩና ባለካፖርቱን ብቻ አስቀረሁ።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ።

ኮሪደሩ ጨለመ፣ መጋረጃው ጠቆረ፣ ውስጥ ሲያጉረመርም የነበረው መሣሪያ ዝም አለ። መብራቱ ይጠፋል፤ ዳግመኛም አይበራም። የራሴ ድምፅ ነው፣ ጆሮዬ ውስጥ ሆኖ የሚነግረኝ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት በእኔ አፍ የተናገረው ማን እንደሆነ እንጃ አልኩ። ዘይነባ ክንዴን ጨመቀችኝ።

ከጨለማው ውስጥ ጋሽ ሙሄ ተጣሩ። «አንተ! ጠፋ እንዴ?»

ጉሮሮዬ ደርቋል። ደግነቱ ጉሮሮዬ ሲደርቅ መሥራት ያውቃል።

«ጠፍቷል ጋሼ። አይንቀሳቀሱ። ወዳጁ እዚህ ነው፣ በሩ ላይ ነው፣ የትም አልሄደም። አሁን ይበራል።»

ከግቢው ጀርባ ጄኔሬተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ከዚያ ተነሳ። «በራ!» አልኩ። «በራ!» አለ አግዳሚው ሁሉ፣ የተሸፈነ ዓይናቸውን እንደያዙ። ዘይነባ ክንዴን ለቀቀችና አለቀሰች፤ እኔም ብናኝ ገባብኝ እንዳልል እዚያ ብናኝ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሄ ሽፋኑ ተነስቶላቸው ወደ እህል በረንዳ ተመለሱ። መደበቅ አምሮኝ ነበር፣ ግን ወረድኩ። በር ላይ ስቆም ቀና ብለው ጉበኑን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ እኔ ጋ ደረሰ።

«ይሄን ጉበን ማነው ከፍ ያደረገው?» አሉ።

ዘይነባ አፏን ይዛ ሳቀች። እሳቸው ግን በዚህ አልበቃቸውም። ያን ፊልም በዘይነባ ስልክ ክፈቱልኝ አሉ። ከፈተችላቸው። ሰይጣኑን ሲያዩት «ይሄ ነው? ቀጭን ነው እኮ» አሉና ጠጋ ብለው ይመለከቱ ጀመር። ነጭ አህያ በደጃፉ ይላል ድምፄ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ይላል። ጋሽ ሙሄ መልሺው አሏት። መለሰችው። እንደገና አዩት።

«ሰይጣኑ አፉን ዘግቷል» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጭስም ሆኗል።»

«አዎ።»

«የሚያወራው አንተ ነህ።»

ከወለሉ ላይ አንድ የጤፍ ፍሬ መርጬ አየሁ። «እኔ ነኝ።»

«የዓሣ አጥማጁስ? ሚስቱ ባሕሩ ዳር ሰባት ዓመት የጠበቀችው?»

«እሱም እኔ ነኝ ጋሼ። እውነተኛውን አላውቀውም።»

 ብናኙ በመሀላችን ይንሳፈፋል፤ አሁን እሳቸውም ያዩታል። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍተው ጆንያው ላይ አስቀመጡት። ሲባጎ ያልገባበት አንድ መርፌ አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙና ሲባጎውን በአንድ ጊዜ አስገቡት።  ትንሽ አዩት። እንግዲህ የእኔ ነገር አበቃ ብዬ ወደ ቆጤ ልወጣ ዞርኩ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

ስዞር ያስገቡትን ሲባጎ መልሰው ስበው አውጥተውታል። መርፌውንና ሲባጎውን ለየብቻ ዘረጉልኝ።

«በል ና አስገባልኝ። ዓሣ አጥማጁንም ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»